ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ የቤተ ክርስቲያን ብዕር በመንግሥት አደባባይ

የአንድ ደብር ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው መዝገብ ነው። ታቦቱ መቼ ገባ፤ ሕንፃውን ማን አሠራው፤ የመጀመሪያው አለቃ ማን ነበሩ፤ መሬቱንስ ማን ሰጠ ተብሎ ይጠየቃል። የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉ መልካም ነው፤ ከሌሉ ግን ነገሩ ሁሉ ይባላል ወደሚሉት ይወርዳል። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ የጉልቱን፣ የስጦታውንና የሹመቱን ነገር በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና በብራናው ኅዳግ ላይ ይጽፉት ነበር። በኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ታሪክ የተረፈው በዚህ ልማድ ነው። ይህን የኅዳግ ጽሕፈት ልማድ ከብራና ወደ ማተሚያ ቤት፤ ከደብር ወደ መንግሥት አደባባይ ካሻገሩት ሰዎች ዋነኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ስለዚህ የሕይወታቸውን ነገር ለጥሊሊ ካህናትና ምእመናን በዚህ መጽሐፍ ባጭሩ መጻፍ የተገባ ሆኖ ተገኝቷል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በሸዋ በመርሐ ቤቴ አውራጃ ደን በተባለው ስፍራ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ የእመቤታችን የልደታ በዓል ነው። ኅሩይ ማለት በግዕዝ ምርጥ ማለት እንደ ሆነ ለካህናት መንገር አያስፈልግም። የልጅነት ትምህርታቸው የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚማረው ትምህርት ነው፤ በፊደልና በዳዊት ጀምረው ወደ ግዕዙ መጻሕፍት የሄዱ ናቸው። በአውሮፓ ሥርዓት የሚያስተምረው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት እርሳቸው የሠላሳ ዓመት ጐልማሳ ነበሩ። ስለዚህ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወንበር ላይ ተቀምጠው ከአውሮፓ መልእክተኞች ጋር የተነጋገሩት ሰው መሠረታቸው የአገራቸው የአብነት ትምህርት ነበር። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስተውለው እንለምናለን፤ በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የመንግሥት ሥራ የተለያዩ መንገዶች አልነበሩምና።

ከዚያ ወደ እንጦጦ መጡ። እንጦጦ አዲስ አበባ ሳትቈረቈር የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ የነበረች ተራራ ናት። በዚያው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እየተማሩና በጽሕፈት እያገለገሉ ቆዩ። በዚያን ጊዜ ጸሐፊ መሆን ትልቅ ነገር ነበር። ደብዳቤ ለመጻፍ የሚችል ሰው ጥቂት፤ ነገር አሳምሮ የሚጽፍ ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነበረ። ስለዚህ የራጉኤሉ ጸሐፊ ስማቸው ከደብሩ ቅጥር አልፎ በቤተ መንግሥት ዘንድ ተሰማ፤ ቀስ በቀስም ወደ መንግሥት ሥራ ተሳቡ።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ አምስተኛው ጊዮርጊስ ዘውድ በሚጭንበት በዓል ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ መሪነት መልእክት ወደ ሎንዶን ሲላክ ኅሩይም አብረው ተላኩ። ደጃዝማች ካሣ በኋላ ልዑል ራስ ካሣ የተባሉት ናቸው። ከብራናና ከቀለም ቀንድ መካከል የወጣ ሰው ባሕርና ባቡር፣ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍትና ማተሚያ ቤቶች ባሉበት አገር ሲደርስ ምን እንደ ተሰማው መገመት ይቻላል። ግን ከግምት ይልቅ ሥራው ይናገራል። ከጕዞው በተመለሱ በዓመቱ፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት በዝርዝር ቈጥረው የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተሙ።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል፤ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትንሹ መስሎ የሚታይ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን የሁሉም መሠረት እርሱ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ መጽሐፍ በየደብሩ በየዕቃ ቤቱ ተዘግቶ ይኖር ነበር። አንዱ ደብር ያለውን ሌላው አያውቅም። የድጓው ሊቅ የድጓውን፤ የሐዲሱ መምህር የሐዲሱን ያውቃል፤ አገሪቱ በጠቅላላው ምን ያህልና ምን ዓይነት መጽሐፍ እንዳላት ግን የሚያውቅ አልነበረም። የአውሮፓ ሰዎች በየጊዜው እየመጡ ብራናውን በግዥና በስጦታ፣ በመቅደላም ጊዜ በ1860 ዓ.ም. በዘረፋ ወደ አገራቸው ወስደው በቤተ መጻሕፍታቸው ቈጥረውና ስም አውጥተው አስቀምጠውት ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ዝርዝር በሎንዶንና በፓሪስ ሲገኝ በኢትዮጵያ አልነበረም ማለት ነው። ያንን ነውር ያራቀ የአገር ልጅ ኅሩይ ናቸው። ዝርዝሩንም በ1904 ብቻ አላቆሙትም፤ በኋላ አስፋፍተው እንደ ገና አሳትመውታል። ታሪክ ጸሐፊ ለመሆን የሚሻ ሰው አስቀድሞ ምን እንደ ተጻፈ ማወቅ ይገባዋልና በዚህ ጀመሩ።

በ1909 ዓ.ም. መንግሥት ከልጅ ኢያሱ ወደ ንግሥት ዘውዲቱና ወደ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ከተላለፈ በኋላ ኅሩይ ብላታ ተብለው በአዲሱ መንግሥት ውስጥ ከታመኑት ሰዎች አንዱ ሆኑ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት በዲሬክተርነት አስተዳደሩ። ቀጥሎም በልዩ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተሾሙ። ይህ ፍርድ ቤት ምን እንደ ነበረ የዛሬ አንባቢ ላያውቅ ይችላል። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል ምክንያት የውጭ አገር ሰው ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰስ እንደ አገሩ ተራ ዳኝነት አይዳኝም ነበር፤ ቆንስሉ ተቀምጦ ነገሩ በልዩ ሥርዓት ይታያል። እንግዲህ በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ኢትዮጵያዊ ዳኛ ባንድ በኩል የአገሩን ሰው እንዳይበደል መጠበቅ፤ ባንድ በኩል ከቆንስሎች ጋር ነገር እንዳይበላሽ መጠንቀቅ ነበረበት። ለዚህ ሥራ ፍትሐ ነገሥትን የሚያውቅ፣ ቍጣ የሌለበት ሰው ያስፈልጋል። የተመረጡትም ስለዚህ ይመስለናል።

ከዚህ በኋላ ጕዟቸው በዛ። በ1911 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ሲያልቅ፣ ድል ላደረጉት መንግሥታት የደስታ መልእክት እንዲያደርሱ ከደጃዝማች ናደው፣ ከከንቲባ ገብሩና ከአቶ ስንቄ ጋር ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ በዋሺንግቶንም ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ፊት ቀረቡ። በ1915 ዓ.ም. ልዕልት ወይዘሮ መነን ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ምስር ሲሄዱ አብረው ሄደው የመንገዱን ታሪክ ጻፉ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ጀምሮ ወደ ግብፅ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቤልጅግ፣ ወደ ስዊድን፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ኢጣልያና ወደ ግሪክ ባደረጉት ታላቅ ጕዞ ከተከተሉት መኳንንትና ሹማምንት መካከል ነበሩ፤ ስለዚህም ጕዞ ደስታና ክብር የሚባለውን መጽሐፍ አዘጋጁ። ሌላው ሰው ከመንገድ ሲመለስ ዕቃ ያመጣል፤ እርሳቸው ግን መጽሐፍ ሳይጽፉ የተመለሱበት መንገድ ጥቂት ነው።

ቀን በመሥሪያ ቤት፤ ሌሊት በመጻፊያ ጠረጴዛ የሚኖሩ ሰው ስለ ነበሩ የጻፏቸው መጻሕፍት ከሃያ በላይ ሆኑ። ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ። ሁሉን መዘርዘር አያስፈልግም። ለእኛ ለጎጃምና ለአገው ምድር ሰዎች ይልቁንም የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው።

አንዱ በ1918 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፈ ቅኔ ነው። ቅኔ እንደሚታወቀው ባንድ ቀን ለአንድ በዓል ተዘርፎ በጉባኤ የሚሰማ፤ የሰማው ተማሪ ካልያዘው እንደ ጢስ በኖ የሚጠፋ ጥበብ ነው። ሊቁ በሕይወቱ ሺህ ቅኔ ተቀኝቶ ሲሞት፣ በደቀ መዛሙርቱ አፍ ዐሥር ቢቀርለት ዕድለኛ ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የመሰሉ የቅኔ ምንጮች ባሉበት በጎጃም ይህ ጥፋት ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኅሩይ የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው በኅትመት አወጡት። ቅኔን ከነባለቤቱ ስም ማተም፣ በጉባኤ ቤት ልማድ ውስጥ የነበረን ነገር ለአገር ሁሉ ማካፈል ነው። የቅኔ መምህራን አንዳንዶቹ ቅኔ በመጽሐፍ ከታየ ተማሪ መዝረፍን ይተዋል ብለው ሊያዝኑ ይችላሉ፤ ኅዘናቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ያልተጻፈው ጠፍቶ፣ የተጻፈው ዛሬ በእጃችን ይገኛል።

ሁለተኛው በ1915 ዓ.ም. የታተመው የሕይወት ታሪክ ነው። በዚህ መጽሐፍ የሞቱትንም በዘመኑ የነበሩትንም ሰዎች ስማቸውንና ሥራቸውን ባጭር ባጭሩ ጻፉ። በቀድሞው ልማድ ታሪክ የሚጻፍለት ንጉሥ ነው፤ ገድል የሚጻፍለት ጻድቅ ነው። በንጉሡና በጻድቁ መካከል ያለው ሰው፣ መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ መኰንኑ፣ ስሙ በደብሩ ጸሎት ካልተነሣ በቀር ተረስቶ ይቀራል። ኅሩይ ለእነዚህ መካከለኛ ሰዎች ስፍራ ሰጡ። አንዳንዱ ታሪክ ከጥቂት መስመር አይበልጥም፤ አንባቢ ሲያነበው ጥቂት ቢጨመርበት ምን ነበረ ይላል። ቢሆንም ዛሬ በዚያ ዘመን ስለ ነበሩ ብዙ ሰዎች የሚጠየቅ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚገልጠው ይህንኑ መጽሐፍ ነው።

ታሪክ ጸሐፊነታቸውን ስናመሰግን ጕድለቱንም መሸሸግ አይገባም። በ1921 ዓ.ም. ባወጡት ዋዜማ በተባለው መጽሐፍ የኢትዮጵያን ነገሥታት ተራ ከጥንት ጀምረው አቅርበዋል። የኋለኛው ዘመን ተራ ከአገር ውስጥ መጻሕፍት የተገኘ ስለ ሆነ ይጠቅማል። የጥንቱ ግን የአገራችን አባቶች ያቆዩት ብቻ አይደለም፤ በናይል ሸለቆ የነገሡ የኩሽና የኖብያ ነገሥታት ስም ከአውሮፓ መጻሕፍት እየተወሰደ ገብቶበታል። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ የታሪክ ሊቃውንት ይህን መርምረው ተራው እንደማያስተማምን አሳይተዋል። ኅሩይ ለአገራቸው ታሪክ የነበራቸው ፍቅር የጥንቱን ቍጥር ሙሉ አድርጎ ለማሳየት ገፋፍቷቸዋል ብለን እናስባለን። በዘመናቸው በአገሪቱ የታሪክ ትምህርት የሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው እርሳቸው ካረፉ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በ1943 ዓ.ም. ነው። የሚያርማቸው ጓደኛ፣ የሚከራከራቸው ጉባኤ ሳይኖር ለብቻቸው የሠሩ ናቸው። የኋለኞቹ ሊቃውንት፣ ለምሳሌ ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በመካከለኛው ዘመን፣ ደግሞም ስለ አገው ሕዝብ ታሪክ በብርቱ የመረመሩት ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት፣ በኮሌጅና በቤተ መጻሕፍት ተደግፈው የሠሩትን እርሳቸው በየሌሊቱ በኩራዝ ብርሃን ጀምረውት ነበር።

ስለ ልብ ወለድ ታሪኮቻቸውም አንድ ቃል እንጨምር፤ ካህናትን የሚነካ ነገር አለበትና። በ1925 ዓ.ም. አዲስ ዓለም፤ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። በዚህ መጽሐፍ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ አንድ ወጣት አባቱ በሞተበት ጊዜ ከዘመዶቹና ከካህናት ጋር በተዝካር ነገር ይጣላል። ለሙታን መጸለይን አይነቅፍም፤ የሚነቅፈው ለነፍስ ተብሎ የሚደረገው ድግስ የሟቹን ልጆች በዕዳ የሚጥል መሆኑን ነው። ከዚህ በፊትም በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት የልብ አሳብ በተባለው መጽሐፍ የልጅነት ጋብቻን ጕዳት አሳይተዋል። ይህን የጻፈው ከውጭ ሆኖ ቤተ ክርስቲያንን የሚጠላ ሰው ቢሆን ኖሮ ካህናት ባልሰሙት ነበር። የጻፉት ግን በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ያደጉ፣ መጽሐፈ ቅኔን ያሳተሙ ሰው ናቸው። ልጅን ሳያጠኑ ለባል መስጠትና ለድግስ በሬ መሸጥ በእኛ አገር ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ስለዚህ መጽሐፎቹ አላረጁም።

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ሐምሌ 9 ቀን ሕገ መንግሥት ባቆሙበት ዘመን ኅሩይ የውጭ ጉዳይን ሥራ የሚመሩ ነበሩ። ይህ ሕገ መንግሥት በብዙ ነገር የጃፓንን ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ ነው። በ1924 ዓ.ም. መግቢያ ወደ ጃፓን ተልከው ከንጉሠ ነገሥቱ ከሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፤ ሲመለሱም ማኅደረ ብርሃን፤ ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። የጥንት ልማዷን ሳትጥል የአውሮፓን ጥበብ የያዘች አገር ማየታቸው በልባቸው ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር።

ተስፋው ግን ዕድሜ አላገኘም። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ጠብ ተነሣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥራ አቤቱታ መጻፍ ሆነ። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ወደ ሆነችበት ወደ ጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ተላከ። የኢጣልያ ጦር ግን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻገረ።

በዚህ ጊዜ የሕይወታቸው ታላቅ የታሪክ ሥራ በማተሚያ ቤት ነበረ። ይኸውም ከንግሥተ ሳባ ጀምሮ እስከ ዓድዋ ድል የሚደርስ የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። የመጻሕፍት ዝርዝር የሰበሰቡት፣ የሰዎችን ሕይወት የጻፉት፣ የነገሥታትን ተራ የቈጠሩት ሁሉ ወደዚህ መጽሐፍ የሚወስድ መንገድ ነበር። የመጽሐፉ ፍጻሜ ዓድዋ መሆኑን ልብ በሉ፤ የዓድዋን ድል የሚዘጋው መጽሐፍ በማተሚያ ቤት ሳለ በዓድዋ የተሸነፈው መንግሥት ጦር ተመልሶ መጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጅቡቲ ሲነሡ ኅሩይም ተከትለው ወጡ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። መጽሐፉ ለአንባቢ ሳይደርስ ቀረ።

ከጅቡቲ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ከልዕልት መነን ጋር ለመሳለም በመጡባት ከተማ አሁን ስደተኛ ሆነው ገቡ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡባት በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በተባለው ቤት አብረው ኖሩ። የስደቱ ኑሮ የገንዘብ ችግር፣ የብርድና የናፍቆት ኑሮ ነበር። ከዚህም ላይ ሌላ መርዶ ተጨመረ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማረው፣ ጊዮርጊስ እየተባለም የሚጠራው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በአገሩ ቀርቶ በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያኖች እጅ ተገደለ። የዚያ ዘመን የተማረ ወጣት ሁሉ እየተፈለገ ይገደል ነበር፤ አባቶች ልጆቻቸውን ወደ ውጭ አገር ትምህርት ቤት የላኩት ለዚህ አልነበረም። በኦክስፎርድ የተማረው ሌላው ልጃቸው ሲራክ ተርፎ በኋላ ራስላስ የተባለውን የእንግሊዝ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሷል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በስደት ላይ ሳሉ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በባዝ አረፉ። ዘመን ከተለወጠ ገና ዘጠኝ ቀን ነበረ። በዚያው ከተማ መቃብር ሲቀበሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመቃብራቸው አጠገብ ቆመው የስንብት ንግግር አደረጉ። ብዙ ሰው ስለ ሌሎች ሕይወት ሲጽፍ ለራሱ ጸሐፊ ያጣል፤ እርሳቸው ግን ንጉሥ ስለ ሥራቸው የተናገረላቸው ሆኑ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ዐፅማቸው ወደ ኢትዮጵያ መጣ።

መጽሐፉ ከሰውየው ይልቅ ዘግይቶ ተመለሰ። ጥቂት ቅጂዎች በአንዳንድ ሰዎች እጅ ተርፈው ስለ ነበር ሊቃውንት ሲያነሡትና ሲፈልጉት ኖሩ። ከንግሥተ ሳባ እስከ ታላቁ የዓድዋ ድል የሚደርሰው የኢትዮጵያ ታሪክ ለሕዝብ የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ጸሐፊው ካረፉ ስድሳ ስምንት ዓመት አልፎ።